ቤት ውስጥ ጥቃት ቢመጣ፦ ለአካል ጉዳተኛ የትኛው መከላከያ ይሻላል? ሕጉስ የትኛውን ይቀበላል?

ራስን ስለመከላከል የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጥ፣ የሚያይና የሚሰማ ሰው ታስቦ የተሰጠ ነው። «ሩጥ፤ ካልሆነ ተደበቅ፤ ካልሆነ ተጋፈጥ» ይባላል። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን በደረጃ ሮጦ መውረድ የሚባል ነገር የለም። መስማት ለተሳናት ሴት የሚሰበር በር ድምፅ አይቀሰቅሳትም። ዓይነ ስውር ሰው ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ የቆመው ልጁ ይሁን ሌባ አይቶ መለየት አይችልም።

በዚያ ላይ ገበያው ግራ ያጋባል። አንዱ ዓይን የሚያቃጥል ስፕሬይ ይሸጣል፣ ሌላው ደወል፣ ሌላው ሽጉጥ። ሁሉም «ይህ ካለዎት አይፈሩም» ይላሉ። ሁለቱን ዋና ጥያቄዎች ግን አይመልሱም። ይህ ነገር ለእኔ አካል ይሠራል ወይ? ብጠቀምበትስ በኋላ ፍርድ ቤት ምን ይለኛል?

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አካል ጉዳተኛ አዋቂዎች ለጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች በ1.5 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ላይ ደግሞ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው አካል ጉዳተኛ የሚሻለው አጥቂውን የሚጎዳ መሣሪያ ሳይሆን ደቂቃ የሚያተርፍ ነገር ነው። በሕግም የሚያዋጣው እሱ ነው። ምክንያቱን ከታች አንድ በአንድ እናየዋለን።

## ሕጉ የሚጠይቀው

ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። መሠረቱ ግን በአብዛኛው ሦስት ጥያቄ ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነበር ወይ፣ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ተቃርቦ ነበር ወይ? በኃይል ከመመለስ ሌላ መንገድ ነበር ወይ? የተጠቀሙት ኃይልስ ከአደጋው ጋር ይመዛዘናል ወይ?

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሦስቱንም አንድ ላይ ያስቀምጣል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል። መከላከሉ ልክ ቢያልፍ ቅጣቱ ይቀንሳል። ልክ ያለፈው በጥቃቱ ምክንያት ከመጣ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣ ይችላል። የጀርመን ወንጀል ሕግም በአንቀጽ 33 በግራ መጋባት፣ በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ልክ ያለፈን ሰው አይቀጣም።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና በ2013 የተሻሻለው ሕግ ለባለ ቤት ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። ሕገ ወጥ ሆኖ ቤት የገባን ሰው ለመከላከል የተጠቀሙት ኃይል ከመጠን እጅግ ያለፈ ከሆነ «ራሴን ተከላከልኩ» የሚለው ክርክር በቀጥታ ውድቅ ይሆናል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን የሚመዘነው ከነሁኔታው ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ ይበሉ፦ ይህ ሰፊ ቦታ የሚሠራው ያለ ፈቃድ በገባ ሰው ላይ ብቻ ነው። በፈቃድ በገባ ተንከባካቢ ወይም አብሮ በሚኖር የትዳር ጓደኛ ላይ አይሠራም። በእነሱ ላይ የሚሠራው የተለመደው የ«ምክንያታዊ ኃይል» መለኪያ ነው።

አካል ጉዳት የሚገባው ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ለሌላው ሰው «በጓሮ በር ውጣ» ማለት አማራጭ ነው። የጓሮው በር ሦስት ደረጃ ካለው ለእርስዎ አማራጭ አይደለም። ለጠንካራ ሰው ተራ ጥፊ ሊሆን የሚችለው ነገር አጥንቱ በቀላሉ ለሚሰበር ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ ነው። የካናዳ ሕግ ይህን በግልጽ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ዳኛው ከሚያያቸው ነገሮች መካከል የሁለቱን ሰዎች የሰውነት መጠን፣ ዕድሜ፣ ጾታና አካላዊ ችሎታ ይዘረዝራል።

አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የኢቮን ዋንሮው ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 እግሯ ጄሶ ውስጥ ሆኖ በክራንች የምትሄድ አጭር ሴት ነበረች። የሰከረ ግዙፍ ሰው ያረፈችበት የጓደኛዋ ቤት መጣ። ተኩሳ ገደለችው፤ ተፈረደባትም። በ1977 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱ እንዲጸና አልፈቀደም። ጉዳዩ ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ወንዶች እንደተጣሉ ተደርጎ ሊታይ አይገባም አለ። መታየት ያለበት እሷ በነበረችበት ሁኔታ፣ እሷ ካየችው አንጻር ነው።

በሌላው ወገን ያለውን ድንበር የሚያሳየው የኦስካር ፒስቶሪየስ ጉዳይ ነው። ሁለቱም እግሮቹ የተቆረጡት ደቡብ አፍሪካዊ ሯጭ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2013 ሌሊት በተዘጋ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ 4 ጊዜ ተኩሶ ፍቅረኛውን ሪቫ ስቴንካምፕን ገደላት። ሌባ መስሎት እንደነበር ተናገረ። ሰው ሠራሽ እግሮቹን ስላላደረገ ራሱን መከላከል እንደማይችል ተሰምቶት እንደነበርም አስረዳ። ፍርድ ቤቱ ይህን ሰምቶ አላለፈውም፤ መዘነው። ግን ዳኛ ቶኮዚሌ ማሲፓ እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና እንቅስቃሴያቸው የተገደበ ሰዎች ሁሉ ተጋላጭ ናቸው። ታዲያ አደጋ በተሰማቸው ቁጥር ሌላ ሳይሞክሩ መሣሪያ ቢያነሱ ተገቢ ይሆናል ወይ? ስልክ አንስቶ ጥበቃ ወይም ፖሊስ መጥራት ይችል ነበር። በረንዳ ላይ ወጥቶ መጮህ ይችል ነበር። በ2014 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈረደበት። በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ወደ ነፍስ ግድያ ለወጠው። በ2017 ቅጣቱ 13 ዓመት ከ5 ወር ደረሰ።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ስናይ ልዩነቱ ይወጣል። ዋንሮው ፊት ለፊቷ ሰው ነበር። ፒስቶሪየስ ፊት የነበረው የተዘጋ በር ነው። አካል ጉዳት የሚቀይረው ለጥቃት የሚሰጡትን ምላሽ ነው። ጥርጣሬን ጥቃት አያደርገውም።

አንድ ነገር ልጨምር። አጥቂው ዞሮ ሲሸሽ ራስን የመከላከል መብት እዚያው ላይ ያበቃል። እንግሊዛዊው ገበሬ ቶኒ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1999 ቤቱ ከገቡ ሌቦች አንዱን፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ ከጀርባው ተኩሶ ገደለ። በ2000 በነፍስ ግድያ ተፈረደበት። በ2001 ፍርዱ ዝቅ ያለለትም ራሱን ተከላክሏል ተብሎ ሳይሆን በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ነው።

## አማራጮችን የምንመዝንባቸው ነጥቦች

ከዚህ በመነሳት እያንዳንዱን አማራጭ በእነዚህ እመዝናለሁ፦

- መያዙም መጠቀሙም ሕጋዊ ነው?
- ያለ ሩጫ፣ ያለ ትግልና ያለ ትክክለኛ ዒላማ ይሠራል?
- ከእጅ ቢነጠቅ ምን ይሆናል?
- የቤት ቁልፍ ባለው፣ በሚያውቁት ሰው ላይም ይሠራል?
- በኋላ የሚያሳዩት ማስረጃ ይተዋል?
- ወጪው፣ ማደሻውና ጥገናው ምን ያህል ነው?

አራተኛውን ነጥብ ብዙ መመሪያዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት እሱ ነው። ለብዙ አካል ጉዳተኞች አደጋው ጭንብል ያጠለቀ እንግዳ አይደለም። የሚያለብሳቸው፣ መድኃኒት የሚሰጣቸው፣ ስልካቸውን የሚያነሳላቸው ሰው ሊሆን ይችላል።

## በር፣ መቀርቀሪያና መሸሸጊያ ክፍል

የመጀመሪያው ምርጫዬ ይህ ነው። በር ሕግ አይጥስም፤ ተነጥቆም በእርስዎ ላይ አይውልም።

ሲገዙ «ጠንካራ ነው» የሚለውን ቃል ትተው መለኪያ ይጠይቁ። የአውሮፓው ኢ ኤን 1627 የሚባለው ደረጃ በሮችና መስኮቶች የሰባሪን መሣሪያ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቋቋሙ ይፈትናል። አር ሲ 2 የተባለው 3 ደቂቃ፣ አር ሲ 3 ደግሞ 5 ደቂቃ ያህል ይቋቋማል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ደውሎ፣ ተናግሮ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ለመግባት ይበቃል። በሩ ምንም ቢጠነክር ክፈፉ ደካማ ከሆነ ዋጋ የለውም። አዲስ በር ከመግዛትዎ በፊት ክፈፉ ግድግዳው ላይ በረጅም ብሎን መታሰሩን ያስፈትሹ።

ከውጭው በር ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው ውስጠኛውን ነው። አንድ ክፍል ይምረጡ፤ ብዙውን ጊዜ መኝታ ቤት። ጠጣር በር ይኑረው። መቀርቀሪያው ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ወይም አልጋ ላይ ሆነው በሚደርሱበት ቁመት ይሁን። እጅዎ ከደከመ የሚዞር ሳይሆን የሚገፋ ይምረጡ። ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መሆን አለበት፤ እሳት ቢነሳ ቁልፍ እየፈለጉ መታፈን አይገባም። ክፍሉ ውስጥ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ፣ የአንድ ቀን መድኃኒት፣ ትርፍ ነጭ በትር ወይም ክራንች ይቀመጥ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ታማኝ ሰው ከውጭ ሊከፍተው የሚችል መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል።

የሕግ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ወደ ውስጥ ገብተው፣ ዘግተው፣ ደውለው ሳለ ሰውየው ሁለተኛውን በር መስበር ከጀመረ የመጣው ለቴሌቪዥኑ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኃይል ቢጠቀሙ «ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በሩ ራሱ መልስ ይሰጣል።

ድክመቱ ቁልፍ ያለው ሰው ነው። የቤት ቁልፍዎ ማን ማን ጋር እንዳለ ይጻፉ። ተንከባካቢ ሥራ በለቀቀ ቁጥር የቁልፉን ሲሊንደር ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ሙሉ በር መለወጥ አያስፈልግም። በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ካለዎት ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ኮድ ይስጡ።

## ደወልና የአደጋ ጥሪ

ደወል እጅ አይዝም፤ ሰው ግን ይጠራል። በአንገት የሚንጠለጠል ወይም በእጅ የሚታሰር ቁልፍ፣ አልጋ አጠገብ የሚገጠም የአደጋ ቁልፍ፣ ከ120 እስከ 130 ዴሲቤል የሚጮህ የኪስ ደወል፣ ስልክ ላይ ያለው የአደጋ ጥሪ፤ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች አንድ ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ወይም ይዞ በመቆየት ጥሪ ያደርጋሉ። ዛሬውኑ ቅንብሩን ይክፈቱና እጅዎ ያለ ችግር እንደሚሠራው ይሞክሩ።

መስማት ለተሳናቸው ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ደወል ገንዘብ ማባከን ነው። የበርና የመስኮት መክፈቻ ጠቋሚ ከሚብለጨለጭ መብራትና ከትራስ ሥር ከሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ጋር ይገናኝ። ጥሪውም በጽሑፍ መሆን አለበት። እንግሊዝ ውስጥ በአጭር መልእክት ወደ 999 መጻፍ ይቻላል፤ ግን ቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም በምልክት ቋንቋ በቪዲዮ መደወል ይቻላል። እዚያው አገር ከሞባይል ደውሎ መናገር ያልቻለ ሰው 55ን በመጫን አደጋ ላይ መሆኑን ያሳውቃል። እርስዎ ባሉበት አገር ምን እንዳለ አሁኑኑ ይጠይቁ። አድራሻዎን፣ የጉዳትዎን ዓይነትና «ቤቴ ሰው ሰብሮ ገብቷል» የሚለውን አስቀድመው ጽፈው ያስቀምጡ።

የደወል ሌላው ዋጋ ማስረጃ ነው። የጥሪው ሰዓት ይመዘገባል፤ የጥሪ ማዕከሉ የሰማው ይቀዳል። ካሜራ ካለም የበለጠ ነው፤ ቤት ውስጥ በሚሠራ ሰው ላይ ድምፅ መቅዳት ግን በአንዳንድ አገር ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ ከመግጠም በፊት ሕጉን ማጣራት ይገባል።

ድክመቱ? እርዳታ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ነው ደወል ያለ በር፣ በርም ያለ ደወል ግማሽ ሥራ የሚሆነው።

## ከእጅ የማይለይ ነገር፦ ክራንች፣ በትር፣ ዊልቸር

በሕግ በኩል እነዚህ ንጹሕ ናቸው። ለምን ያዝከው የሚል የለም፤ መንቀሳቀሻ ናቸው። በእነሱ መከላከል ግን እንደማንኛውም ኃይል ይመዘናል። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ባለ ሞተር ዊልቸር ሰው እግር ላይ ቢነዳ ከባድ ኃይል ነው።

በአካል በኩል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ነጭ በትር ከቀጭን አልሙኒየም ወይም ፋይበር ስለሚሠራ ይታጠፋል፤ ከጠፋም መንገድ አብሮ ይጠፋል። በክራንች የሚቆም ሰው ክራንቹን ሲያነሳ ሚዛኑን ይለቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ መደገፍ ወይም መቀመጥ አለበት። በዊልቸር ያለ ሰው ጀርባውን ወደ ጥግ ቢያስጠጋ ከኋላ ያለውን እጀታ ማንም አይዝበትም። ከተቻለ ከዊልቸር ላይ ሆኖ መከላከልን የሚያስተምር አሠልጣኝ ይፈልጉ። ቆሞ ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ትምህርት ብዙም አይጠቅምዎትም።

ከእጅ በፊት ድምፅ ይቅደም። «ውጣ! ፖሊስ ጠርቻለሁ!» ብሎ መጮህ ለሌባው ማስጠንቀቂያ፣ ለጎረቤት ምልክት፣ ለፍርድ ቤት ደግሞ ማስረጃ ነው። ዓይነ ስውር ከሆኑ ከቤተሰብ ጋር የመግቢያ ቃል ይስማሙ፤ ማንም ቤት ሲገባ ስሙን ጠርቶ ይግባ። ምላሽ ያልሰጠ ሁሉ ግን ሌባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ዮሺሂሮ ሃቶሪ የተባለ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ቤት ተሳስቶ ሄደ። ባለ ቤቱ በእንግሊዝኛ «እንዳትነቃነቅ» አለው፤ ልጁ አልቆመም፤ ተኩሶ ገደለው። መስማት የተሳነውም፣ ኦቲዝም ያለበትም፣ ቋንቋውን የማያውቅም ሰው ትእዛዝ ላይፈጽም ይችላል።

## ስፕሬይ

ለአካል ጉዳተኛ በብዛት የሚመከረው ይህ ነው። እኔ ግን ለቤት ውስጥ አልመክረውም።

መጀመሪያ ሕጉ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። ካናዳ ውስጥ ለሰው የተሠራው የተከለከለ ነው። ጀርመን ውስጥ ለእንስሳ መከላከያ ተብሎ ይሸጣል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በገደብ ይፈቀዳል። ስለዚህ በኢንተርኔት ከመግዛት በፊት የአገርዎን ሕግ ማጣራት ግድ ነው።

ቀጥሎ ክፍሉ። በጠባብ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የተረጨ ስፕሬይ ወገን አይለይም። ሌባው ሮጦ ይወጣል፤ እርስዎ ውስጡ ይቀራሉ። አስም ላለበት፣ በመተንፈሻ ማሽን ለሚረዳ፣ ከአልጋ ለማይነሳ ሰው ይህ ራሱ አደጋ ነው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ለማያይ ሰው ደግሞ ማነጣጠሩ አስተማማኝ አይደለም። ዕቃው የአገልግሎት ጊዜም አለው።

## ስለትና ዱላ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ቢላ የሚሠራው ሰውየው በጣም ሲቀርብ ነው፤ በዚያ ርቀት ጉልበት ያለው ይነጥቃል። አልጋ ሥር የተቀመጠ ቢላ ደግሞ መርማሪውን «ለምን አስቀመጡት?» ያስብላል። ድንገት እጅ የገባ ዕቃና ታስቦበት የተዘጋጀ መሣሪያ በፍርድ ቤት አንድ ዓይነት አይታዩም። አንዳንድ ዓይነት ስለቶችን ቤት ውስጥ መያዝ እንኳ የሚከለክሉ አገሮች አሉ።

## ሽጉጥ

ሽጉጥ ጉልበትን ያስተካክላል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ይገባኛል። ከዊልቸር ሳይነሳ ራሱን መከላከል የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያስብ አልፈርድበትም። ነገር ግን አራት ነገር ይመዝን።

ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ አገር ለራስ መከላከያ ተብሎ ፈቃድ አይሰጥም። በቁልፍ ካልተቀመጠ ልጅ ወይም ተንከባካቢ ያገኘዋል፤ በቁልፍ ከተቀመጠ ደግሞ ጣት ለማይታዘዝለት ሰው በሰዓቱ አይደርስም። ዒላማን በትክክል ማወቅ ይጠይቃል፤ ጨለማ ውስጥ፣ ከእንቅልፍ በነቃ ዓይን፣ ከበር ጀርባ ያለን ሰው መለየት አይቻልም። አራተኛው፣ ከወንጀል ነፃ መባል ሁሉን አይዘጋም። ሃቶሪን የገደለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 በወንጀል ክሱ ነፃ ወጣ። በ1994 ግን በፍትሐ ብሔር ክስ ወደ 650,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ድባቴ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ሽጉጥ ጨርሶ መግባት የለበትም።

## ውሻና ወጥመድ

የሚጮህ ውሻ ጥሩ ደወል ነው። መሪ ውሻ ግን ጠባቂ ውሻ አይደለም፤ እንዲረጋጋ ነው የሠለጠነው፤ ተናካሽ እንዲሆን መሞከር ሥራውን ያበላሻል። ምግብ፣ ሕክምናና እንቅስቃሴም ይፈልጋል።

ወጥመድ በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ አይዋ ግዛት ውስጥ ሰው በማይኖርበት ቤታቸው በር ላይ በራሱ የሚተኩስ ጠመንጃ ያጠመዱ ባልና ሚስት እግሩ ለተመታው ሌባ 30,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተፈርዷል። ወጥመድ የእሳት አደጋ ሠራተኛና የልጅ ልጅ አይለይም።

## በአንድ ዓይን

| አማራጭ | የሕግ ስጋት | ያለ ትግል ይሠራል? | ቢነጠቅ | ቁልፍ ባለው ሰው ላይ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በርና መሸሸጊያ ክፍል | የለም | አዎ | አይነጠቅም | ውስጠኛው ክፍል ብቻ | ከትንሽ እስከ ብዙ፣ አንዴ |
| ደወልና ጥሪ | የለም (ካሜራ ይጣራ) | አዎ | መልእክቱ ከተላከ ችግር የለም | አዎ | ከነፃ እስከ ወርሃዊ ክፍያ |
| ክራንች፣ በትር፣ ዊልቸር | አነስተኛ | በከፊል | መንቀሳቀሻ ይጠፋል | በከፊል | ተጨማሪ የለም |
| ስፕሬይ | ከአገር አገር፣ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል | በከፊል | አደገኛ | ደካማ | ትንሽ፣ ይታደሳል |
| ስለትና ዱላ | ከፍተኛ | አይ | በጣም አደገኛ | አይ | ትንሽ |
| ሽጉጥ | እጅግ ከፍተኛ | አይ | ገዳይ | አይ | ብዙ፣ ፈቃድና ሥልጠና |
| ውሻ | አነስተኛ | አዎ፣ እንደ ደወል | አይነጠቅም | አይ፣ ያውቀዋል | ቀጣይ |
| ወጥመድ | ሕገ ወጥ | አይታይም | አይታይም | ቤተሰብን ይጎዳል | አይግዙ |

## ለማን የትኛው?

በዊልቸር ወይም በክራንች ለሚንቀሳቀስ፦ ውስጠኛው ክፍል ይቅደም። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ማታ ማታ ዕቃ አይኑርበት። ዊልቸሩ አልጋ አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይደር።

ለማያይ፦ በር ሲከፈት የትኛው በር እንደሆነ በድምፅ የሚናገር ጠቋሚ፣ የመግቢያ ቃል፣ የኪስ ደወል። ዒላማ የሚጠይቅ ማንኛውም መሣሪያ ይቅር።

ለማይሰማ፦ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያና የጽሑፍ ጥሪ። ማታ የሚበራ መብራትም በጣም ይረዳል፤ በጨለማ የከንፈር ንባብም ምልክትም የለም።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት፦ ቀላል፣ ሁለት እርምጃ ያለው ዕቅድ። ቁልፉን ይዝጋ፤ አዝራሩን ይጫን። ሕጉ እዚህ ላይ ጠበብ ይላል። በብዙ አገር አደጋ አለ ብሎ ከልብ ማመን ብቻ አይበቃም፤ የተወሰደው እርምጃ በሌላ ሰው ዓይንም ተገቢ መሆን አለበት። ስለዚህ መሣሪያ ከዚህ ዕቅድ ውጭ ይሁን።

በሌላ ሰው እጅ ለሚኖር ሰው ዝርዝሩ ረዘም ይላል። አጥቂው ተንከባካቢው ወይም የትዳር ጓደኛው ሲሆን ራስን የመከላከል መብት አይጠፋም። ያለ ፈቃድ ሲይዙት እጅ መግፋት፣ መንከስ፣ መጮህ መብቱ ነው። ዊልቸሩን መውሰድ፣ የመስሚያ መሣሪያውን መደበቅ፣ መድኃኒት መከልከልም ጥቃት ነውና እንደዚያው ተብሎ ለፖሊስ ይነገር። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ በአንቀጽ 16 ከቤት ውጭም ከቤት ውስጥም ካለ ጥቃት መጠበቅን መንግሥታት ላይ ግዴታ አድርጓል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓመታት የተደበደበችን ሴት ፍርሃት ለመረዳት የባለሙያ ምስክርነት ሊሰማ እንደሚችል ወስኗል። «ለምን ጥላ አልሄደችም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን እንደማያስኮንናት ያኔ ተናግሯል።

እዚህ ጋ የሚሠራው መከላከያ ሰው ነው። ተንከባካቢው የማያውቀው ሁለተኛ ስልክ፣ በየቀኑ የሚደውል አንድ ወዳጅ፣ «አደጋ ላይ ነኝ» የሚል ተራ የሚመስል የምስጢር ቃል፣ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ብቻን ገብቶ የመነጋገር ልማድ። ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ማስታወሻም በኋላ ፍርድ ቤት አጥቂው እንዳይቀርብዎ የሚሰጠውን የመከላከያ ትእዛዝ ለመጠየቅ ይጠቅማል።

## ኪስ ሲታይ

ገንዘብ ከሌለ፦ የስልክ የአደጋ ቅንብር፣ ተጽፎ የተቀመጠ መልእክት፣ የቁልፍ ዝርዝር፣ ከሁለት ጎረቤት ጋር ስምምነት። ይህ ብቻውን ከብዙ የተገዛ ዕቃ ይሻላል።

ትንሽ ካለ፦ የውስጠኛው በር መቀርቀሪያ፣ የኪስ ደወል፣ አዲስ ሲሊንደር። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው።

የተሻለ ካለ፦ ደረጃው የተመሰከረለት የውጭ በርና ክፈፍ፣ ከጥሪ ማዕከል ጋር የተያያዘ የአንገት ቁልፍ፣ በር ላይ ካሜራ። ወርሃዊ ክፍያ ያለበትን ከመፈረምዎ በፊት መብራት ሲጠፋ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጠይቁ።

## ፖሊስ ሲደርስ

ይህን ክፍል ብዙዎች አያስቡበትም፤ ለአካል ጉዳተኛ ግን አደገኛው ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ጣል!» የሚለውን ትእዛዝ ያልሰማ ሰው እንቢተኛ ይመስላል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ወይም የሚጎተት ንግግር ስካር ይመስላል። ስለዚህ ሲደውሉ «ባለ ቤቱ እኔ ነኝ፣ አልሰማም» ወይም «ዊልቸር ላይ ነኝ፣ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ነኝ» ብለው ያስመዝግቡ። እጅዎ ላይ ምንም አይኑር፤ ክራንቹንም ቢሆን ከተቻለ ያስቀምጡ። መብራት ያብሩ። የተጎዳ ሰው ካለ፣ ሌባውም ቢሆን፣ አምቡላንስ ይጥሩ። ዕቃ አያንሱ፣ ደም አይጥረጉ።

ሲጠየቁ አጭር ይናገሩ፦ ሰው ሰብሮ ገባ፣ ፈራሁ፣ ተከላከልኩ፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ። ስለ ጉዳትዎ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ቀድሞ የተዘጋጀ ካለዎት ያን ጊዜ ይስጡ። ምን ያህል እንደሚራመዱ፣ ከወንበር ለመነሳት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብዎት፣ ከየትኛው ርቀት እንደሚያዩ በቁጥር የተጻፈ ቢሆን ይመረጣል። «አካል ጉዳተኛ ነው» የሚለው ብቻ ለዳኛ ብዙ አይነግረውም።

በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ከሆነ አስተርጓሚ እስኪመጣ ቃል አይስጡ። አስተርጓሚው ደግሞ የሠለጠነና ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን። የቤተሰብ አባል ወይም ተንከባካቢ «እኔ አስተረጉምለታለሁ» ቢል፣ በተለይ በዚያ ሌሊት ቤት ውስጥ የነበረ ከሆነ፣ አይቀበሉ።